የሥራ ቀን ጠዋትን ከማታው ጀምሮ ማስተካከል፦ ለአዲስ አበባ ኑሮ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ መሮጥ፣ ማንበብ፣ ቀኑን ማቀድ የስኬታማ ሰው መለያ ነው የሚል ምክር በየቪዲዮው ይዞራል። ምክሩ የማይነግረን ሰውየው ማታ በስንት ሰዓት እንደተኛ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው የተኛው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ግን ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህ ጉድለት በየቀኑ ሲደጋገም ውሎ አድሮ በደም ግፊት፣ በክብደት፣ በስኳር፣ በጠባይም ላይ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ ጤናማ ጠዋት እፈልጋለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ማታውን ማየት አለበት። አላርሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተሰልፎ ሥራ ለሚገባ፣ ምናልባትም ልጅ አዘጋጅቶ ለሚሸኝ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ነው። ሠራተኛ፣ መኪናና ሰፊ ግቢ ላለው ሰው የተጻፈ ምክር እኛ ቤት ሲገባ ሦስት ቀን አይቆይም።

አንደኛ፦ ከሥራ መግቢያችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ከላይ ሥራ መግቢያ ሰዓታችሁን ጻፉ፤ ለምሳሌ 2:30 እንበል። ከሥሩ መንገዱን ጻፉ። መንገድ ሲባል መኪና ውስጥ የምትቆዩበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከበር እስከ ታክሲ ተራ የምትሄዱት፣ ሰልፉ፣ ከወረዳችሁ በኋላ የምትራመዱት ሁሉ ይቆጠራል። ጥሩ ቀን የሚፈጀውን ሳይሆን ሰኞ ጠዋት የሚፈጀውን ውሰዱ። አንድ ሰዓት ከሩብ ከሆነ ከቤት መውጫችሁ 1:15 ነው ማለት ነው።

አሁን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን አስሉ። መታጠብና መልበስ 25 ደቂቃ፣ ቁርስ 20፣ እንቅስቃሴ 20፣ ጸሎት ወይም ጸጥ ብሎ መቀመጥ 15። ድምሩ 80 ደቂቃ ነው። ላልታሰበ ነገር 10 ደቂቃ ጨምሩበት፤ ጫማ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ልጁ ደብተሩን ይረሳል። ከ1:15 ላይ 90 ደቂቃ ስትቀንሱ 11:45 ላይ ትደርሳላችሁ። መነሻችሁ ይህ ነው። ከዚያ ሰባት ሰዓት ከሩብ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ምሽት 4:30 ይመጣል። 4:30 ላይ እንቅልፍ እንዲወስዳችሁ 4:00 ወይም 4:10 አልጋ ውስጥ መሆን አለባችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እኔ 4 ሰዓት መተኛት አልችልም» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማታ 3 ሰዓት ቤት የሚገባ ሰው አለ። ያኔ የሚቆረጠው ከእንቅልፉ አይደለም፣ ከጠዋቱ ዝርዝር ነው። የ20 ደቂቃውን እንቅስቃሴ በመንገዳችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ከታክሲው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይበቃል። ቁርሱን ማታ አዘጋጅታችሁ ቢሮ ብሉት። እንቅልፍን ቆርጦ ስፖርት መጨመር ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው መክተት ነው።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ የእነሱንም ቁጠሩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ሰርቪስ 12:30 የሚመጣለት የሰባት ዓመት ልጅ ከእናንተ ጋር ድራማ ሲያይ የሚያመሽ ከሆነ፣ ጠዋት ላይ የሚያለቅሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እንቅልፉ ስላልበቃው ነው።

ሁለተኛ፦ ማታውን አዘጋጁ

ጠዋት የሚያደክመው ሥራው ሳይሆን ውሳኔው ነው። ምን ልልበስ፣ ምን ልብላ፣ ቁልፉ የት ነው እያሉ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ከእራት በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት መጨረስ ይቻላል። ልብሱን ከነካልሲው አንድ ወንበር ላይ አስቀምጡ። የልጆቹን ቦርሳ በር አጠገብ አድርጉ፤ የምሳ ዕቃው ታጥቦ ይደር። ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኑንና ባልዲውን ሙሉ፤ ለፊት መታጠቢያ የሚሆነውን ለብቻ አኑሩ። ለብ ያለ ውሃ የምትፈልጉ ከሆነ ማታ አፍልታችሁ በፔርሙዝ አሳድሩ፤ ጠዋት መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም።

ከዚያ ቡናው አለ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹን ያህል ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ከእናንተ ጋር ነው ማለት ነው። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይከለክለኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እንቅልፉ ይወስዳቸዋል፣ ግን ጥልቀቱ ይቀንስና ጠዋት እንደደከሙ ይነሳሉ። ለብዙ ሰው ከ8 ሰዓት በኋላ ቡና ማቆም በቂ ነው። ጎረቤት ማታ ቡና ጠርቶ እምቢ ማለት ነውር ለሚመስላችሁ፣ ሄዳችሁ ተጫወቱ፤ አቦሉን ለሌላው ትታችሁ በረካውን በትንሹ ቅመሱ። ጫትም እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው የጠዋት ልማድ ሊገነባ ቢል መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።

ስልኩን ከአልጋ አርቁት። ይህ ምክር የተሰለቸ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ተግብሩ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ቻርጀሩን ክፍሉ ማዶ ካለው ሶኬት ላይ ሰኩት፣ አላርሙም እዚያው ይጩህ። ማታ ቲክቶክ ላይ የሚያልፈው አንድ ሰዓት ይተርፋል። ጠዋት ደግሞ አላርሙን ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆናል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ቁም ሳጥን ላይ ወይም ወጥ ቤቱ በኩል ይሁን፤ ዋናው ነገር እጅ እንዳይደርስበት ነው።

ሦስተኛ፦ ከተነሳችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የነቃ ሰው አእምሮው ወዲያው አይነቃም። ድንዛዜው እስኪለቅ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህ ስንፍና ሳይሆን የሰውነት አሠራር ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ራሳችሁን አትፍረዱ፣ ከባድ ውሳኔም አትወስኑ፤ የቴሌግራም መልእክትም አትክፈቱ። አላርሙን ለአምስት ደቂቃ እያራዘሙ መተኛት በቂ እረፍት አይሰጥም።

ተነሱ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሳንጠጣ ስላደርን ሰውነት ይፈልገዋል፤ ከዚህ ያለፈ ተአምር የለውም። ለብ ያለ ውሃ በሎሚ ስብ ያቀልጣል፣ ጉበት ያጥባል የሚባለው መሠረት የለውም። ጣዕሙን ከወደዳችሁት ጠጡት፤ ጨጓራ የሚያማችሁ ከሆነ ግን ሎሚውን ተዉት።

ቀጥሎ ብርሃን። በዚህ በኩል አዲስ አበባ የታደለች ከተማ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዓይናችን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ለአንጎል «ቀኑ ጀምሯል» ብሎ ይነግረዋል፤ ማታ እንቅልፍ በሰዓቱ የሚመጣውም በዚሁ ነው። የደመና ቀን እንኳ ቢሆን ውጭ ያለው ብርሃን ከክፍል አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በረንዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆም ይበቃል። ፀሐይዋን በቀጥታ አትመልከቱ፤ ፊታችሁን ወደ ሰማዩ ማዞር ብቻ በቂ ነው። ጥርስ መፋቅን ከዚህ ጋር ማጣመር ይቻላል።

ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖች ይህ ምክር በታኅሣሥ አይሠራላችሁም። እዚያ በዚያ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከ2:30 በኋላ ነው። ጠዋት ቤቱን በደንብ አብርታችሁ ብሉ፤ የምሳ ሰዓቱን ወጥቶ ለመራመድ ተጠቀሙበት፤ ስለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አራተኛ፦ ጸጥታ

ኪዳን የሚያደርስ፣ የሱብሂ ሶላት የሚሰግድ፣ ቤቱ ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው ከሁሉም ጠንካራ የሆነው የጠዋት ልማድ በእጁ ነው። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም፤ ሌላውን ሁሉ ከዚሁ ጋር ማሰር ነው። «ከጸሎት በኋላ እራመዳለሁ» የሚል ሰው «12:10 ላይ እራመዳለሁ» ከሚለው ይልቅ ይጸናል። ሃይማኖታዊ ልማድ የሌላችሁ ደግሞ አሥር ደቂቃ ሳትናገሩ ተቀመጡ፣ ወይም የዛሬን ሦስት ሥራዎች ወረቀት ላይ ጻፉ።

አምስተኛ፦ እንቅስቃሴ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በአምስት የሥራ ቀናት 20 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ 100 ደቂቃ ይሆናል፤ ቀሪውን 50 ቅዳሜ ወይም እሑድ ትሞሉታላችሁ። መካከለኛ መሆኑን የምታውቁት እየተራመዳችሁ ማውራት ስትችሉ፣ መዝፈን ግን ሲያቅታችሁ ነው።

የትም ሂዱ። መስቀል አደባባይ ጠዋት ጠዋት በደረጃው ላይ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎችን ታያላችሁ፤ ጃን ሜዳም እንዲሁ። ሩቅ ለሆነባችሁ የሰፈር መንገድ በቂ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛው ጨለማው ነው፤ በተለይ ሴቶች ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ ጋር፣ ሰማዩ ከገፈፈ በኋላ ብትወጡ ይሻላል። ሁለተኛው ውሻ ነው፤ ንጋት ላይ በመንጋ ይዞራሉ። ውሻ ካያችሁ አትሩጡ፤ ቀስ ብላችሁ መንገድ ቀይሩ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያስወጣም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደረጃው አለላችሁ፤ አራት ፎቅ ወጥቶ መውረድን አራት አምስት ጊዜ መድገም ላብ ያመጣል። ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ክንድና ወገብ ማፍታታት ይበቃል። ከገጠር ቆላ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣችሁ ከሆነ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ በሉ። ስትራመዱ ደረት የሚያፍን ወይም የሚጨመድድ ሕመም ከተሰማችሁ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስድስተኛ፦ ቁርስና ቡና

የእኛ ቁርስ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሚጨመርበት ነገርና ከሚበላበት ጥድፊያ ይመጣል።

ቂንጬን እንውሰድ። ሌሊቱን በውሃ የተዘፈዘፈ ቂንጬ ጠዋት ላይ በጣም ቶሎ ይበስላል። አንድ ኩባያ ቂንጬ ማታ እጠቡና በሁለት ኩባያ ተኩል ውሃ ዘፍዝፉ፤ ጠዋት በዚያው ውሃ ጨው ትንሽ አድርጋችሁ ጣዱት። ውሃው ሊመጠጥ ሲል እሳቱን ቀንሱና ክደኑት፤ እናንተ ስትታጠቡ እሱ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ በጾም ዘይት። ለሦስት ሰው ይበቃል። ፕሮቲን እንዲኖረው አንድ እንቁላል፣ ወይም ኦቾሎኒ፣ ወይም ከትናንት የተረፈ ምስር ከጎኑ አድርጉ። ይህን የበላ ሰው እስከ ምሳ አይርበውም፤ ዳቦ በሻይ ብቻ የበላው ግን 4 ሰዓት ላይ ብስኩት ይፈልጋል።

ጊዜ ለሌላችሁ በሶ አለ። የበሶ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማር ጠብ ማድረግ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ለመንገድም በጠርሙስ ይያዛል። የትናንት እንጀራ ፍርፍር ግሩም ነው፤ መቦካቱ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንሰው የጤፉ ብረት ይበልጥ ይጠቅመናል። ጥሬ ቃሪያ ቆርጣችሁ ብትጨምሩበት ደግሞ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ለመሳብ ያግዛል። ጨጨብሳንና ቅቤ የበዛበትን ገንፎ ለእሑድ አቆዩት።

ስኳር ላይ ጥብቅ ሁኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል የሚለው የተጨመረ ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ የተደረገበት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠዋቱን ብቻ ይጨርሰዋል። በአንድ ጊዜ ማቆም ከባድ ስለሆነ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል።

አሁን ወደ ቡናው። ቡና መጠጣት አይጎዳም፤ የምጠይቃችሁ ሰዓቱን ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት ይቀንሱታል። የደም ማነስ ያለባት ሴት፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጃገረድ ከቁርስ አንድ ሰዓት በኋላ ብትጠጣ ጥሩ ነው፤ የብረት እንክብል የምትወስድ ደግሞ በቡና ወይም በሻይ አትዋጠው። ከቁርስ አንድ ሰዓት በኋላ ማለት ለብዙዎቻችን ቢሮ ስንደርስ ማለት ስለሆነ አስቸጋሪ አይደለም። በባዶ ሆድ ቡና ጨጓራውን የሚያቃጥለው ሰውም ከምግብ በኋላ ያድርገው። ማቃጠሉ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን አብሽና ተልባ እየጠጡ ከመክረም ተመርምሮ የጨጓራ ባክቴሪያ እንዳለ ማወቅ ይሻላል፤ በመድኃኒት ይታከማል።

ጠዋት ቤት ውስጥ ቡና የምታፈሉ እናቶችና እህቶች፣ ይህን አደራ እላለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። ከሰል ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም የሚለቀው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ምድጃውን ውጭ አቀጣጥሉ፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ፣ ክፍል ለማሞቅ ብላችሁ ሰው የተኛበት ቤት አታስገቡት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው ወይም ሲያዞረው፣ «ብርድ መታን» ሳትሉ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ቁርሱን እንዳሻው ማሳለፍ የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ግፊት ያለበት ደግሞ ቤቱ መለኪያ ካለው ጠዋት ቡናና መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን ደግፎ አምስት ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ ይለካ። ከደረጃ ወጥቶ እያለከለከ የተለካ ግፊት ሐኪሙን ያሳስታል።

በጾም ወቅት

ቁርሱ ይቀራል፣ ሌላው ይቆያል። በዓቢይ ጾም እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ መነሻ ሰዓታችሁንና ብርሃኑን አትቀይሩ፤ እርምጃውን ግን ቀለል አድርጉ፣ ወይም ወደ አመሻሽ ውሰዱት። በረመዳን ለሱሁር የሚነሳ ሰው እንቅልፉ ስለሚከፈል ማታ ከተራዊህ በኋላ ቶሎ መተኛት፣ ቀን ላይ ደግሞ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይረዳል። ለሱሁር በሶ፣ እንቁላል፣ ፉል ከነጭ ዳቦና ከሻይ የተሻለ ያቆያሉ።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ መንስኤው ረኃቡ ሳይሆን የተቋረጠው የጠዋት ቡና ነው። ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ስኒውን ብትቀንሱ ይቀላል። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ያማክር፤ በሁለቱም እምነት ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ።

ሰባተኛ፦ በየተራ ጨምሩ

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በአንዴ የሚጀምር ሰው ሐሙስ ይደክመዋል። «21 ቀን ከደገምከው ልማድ ይሆናል» የሚባለውም አይያዝ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መርጠው ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን ያህል እንደሚፈጅ ተገምቷል። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ከዚያው ጥናት የምወደው ሌላ ግኝት አለ፤ አንድ ቀን ማምለጡ ልማዱን አላበላሸውም። ስለዚህ ልጅ ታሞ ያደረ ሰው ጠዋት ቢተኛ ተኛ፤ በማግስቱ ይቀጥላል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት መተኛና መነሻ ሰዓቱን ብቻ አስተካክሉ። አሁን 6 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ በአንድ ሌሊት ወደ 4:30 መመለስ አይቻልም፤ በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ እየቀነሳችሁ ኑ። ከዚያ ብርሃኑንና ውሃውን፣ በወሩ ገደማ ቁርሱን፣ ከሱ ቀጥሎ እርምጃውን ጨምሩ። ሰባት ሰዓት ተኝታችሁም ጠዋት ራሳችሁን እያመማችሁ የምትነሱ፣ ቀን የምታንቀላፉ፣ ማታ እያንኮራፋችሁ ትንፋሽ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ የልማድ ጉዳይ አይደለምና ተመርመሩ። ይህንን ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው አብሮ የሚተኛ ሰው ነው፤ ጠይቁት።

ቅዳሜና እሑድ እስከ አንድ ሰዓት ማርፈድ አይጎዳም። 11:45 የሚነሳ ሰው እሑድ እስከ 12:45 ቢተኛ ምንም አይደል፤ እስከ 4 ሰዓት ከተኛ ግን እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ የሰኞውም ጠዋት ይበላሻል። የሳምንቱ እንቅልፍ ከጎደላችሁ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ጋደም በሉ።